ማንም ወደሌለን ሐይቅ

«ሐይቅ ማን አላችሁ?»

ሀጂ ሙክታር ይህን የጠየቁኝ ደሴ ፒያሳ በነበረው የጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ፣ የለኩትን አቡጀዲ እንኳ ሳያጥፉ ነው። ልጃቸው ዘይነብ ከጣቃዎቹ ኋላ ቆማ ታዳምጣለች።

«ማንም የለንም» አልኩ።

«ለቅሶ አለ?»

«የለም።»

«ሰርግ?»

«የለም፣ ሀጂ። ዝም ብለን ልናየው ነው። ቫኬሽን ነው።»

«ሐይቁ ከተፈጠረ ጀምሮ እዚያው ነው፤ የትም አይሸሽ። ማንም ወደሌላችሁ አገር ሄዳችሁ የማን ደጅ ልትቀመጡ ነው? ማን ውሃ ሊሰጣችሁ?»

የምንሄደው እኮ ወደ ውሃ ነው ልላቸው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ የወጣሁት ለመለመን እንጂ ለመቀለድ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገርህ። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣልኝም። ኮምቦልቻ አንድ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በዚያው ማሽን ግጥም እጽፋለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ጽፌ ሳነብ፣ አንብቤ ስቀድ ነው የተማርኩት። ኮምቦልቻ አውሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ ናትና ድምፁን በሰማሁ ቁጥር ደንበኛ አቁሜ በር ላይ እወጣለሁ። የሚወርደው ሰው አያጓጓኝም። የሚሄደው ነው የሚያቃጥለኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ እንደ ቁንጫ ይበላኛል። ስለ ባሕር የጻፍኩት ግጥም ለብቻው አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። ወደ ደሴ ከሚያወጣው ከሐረጎ ጠመዝማዛ በላይ የማውቀው አገር ደሴ፣ ቦሩ ሜዳና ገራዶ ብቻ ነበር። ቦሩ ሜዳ የሄድኩት ሆስፒታል የተኛ አጎቴን ልጠይቅ ነው። ገራዶ ለተዝካር።

ኢንተርኔት ቤት ወረፋ ተይዞ የሚገባበት ዘመን ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ ተስፋዬ ከወረፋው ውስጥ ጠራኝ።

«ና፣ አንድ አገር ላሳይህ።»

ፎቶ ነው። ሰማያዊ ውሃ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ተራራ፣ ዳር ላይ አንዲት የሸንበቆ ታንኳ።

«ስዊዘርላንድ ነው?» አልኩት።

«ሐይቅ ነው፣ የኔ ደንቆሮ! የኛው ሐይቅ!» ብሎ ቤቱ እስኪያየን ሳቀብኝ።

ፎቶውን ያነሳውና የለጠፈው አንድ ፈረንጅ ነው። ከደሴ ተነስተው ሳይደክማቸው የሚደርሱበትን ውሃ ሰውዬው ከባሕር ማዶ መጥቶ አይቶት ሄዷል። ቅናት አንጀቴን በላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማወራው ሌላ ነገር አልነበረም። ከኮምቦልቻና ከደሴ የንባብ ጓደኞቻችንን አሰባሰብን፣ ሚኒባስ ተነጋገርን፣ ፎቶ የምንነሳበትን ኮረብታ ሳይቀር መረጥን። እኛ ቤት ያሉት ሰዎች ግን ከዚያች ከ«ማን አላችሁ» አልወጡም። ለወላጆቻችን መንገድ ማለት ሰው ማለት ነበር። የታመመ፣ የሞተ፣ ያገባ ከሌለ እግር አይነሳም።

ዘይነብን ያወቅኳት ደሴ፣ በንባብ ክበባችን ነው። የሀጂ ሙክታር አያት ከየመን በባሕር ተሻግረው የመጡ ነጋዴ ነበሩ ይባላል። ዘይነብ በዚያ ክረምት ፈተናዋን በጥሩ ውጤት አልፋ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። አባቷ ግን ቁርጡን አልተናገሩም። በጠየቀቻቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፤ «አርባ ምንጭ ማን አለን?»

በዚያ ቀን ሱቃቸው ውስጥ ሀጂ ሙክታር አቡጀዲውን አጥፈው ጨረሱና እኔን ሳይሆን ልጃቸውን አዩ።

«እሺ። ማንም ወደሌለሽ አገር ሄደሽ መመለስ ትችይ እንደሆነ በዚሁ ይታይ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ አዛን በፊት ከዚህ ደጅ ከደረስሽ አርባ ምንጭ ትሄጃለሽ። ካልደረስሽ ኮሌጅ ደሴም ሞልቷል፤ ዳግመኛ እንዳታነሺብኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ይመር፣ አማና ሰጥቼሃለሁ።»

ወሎ ውስጥ አማና፣ አደራ፣ የተቀበለ ሰው እንቅልፍ የለውም። እኔም አልተኛሁም።

በመስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ሁላችንም አንድ ዓይነት ጥቁር ቲሸርት ለብሰናል። ደረቱ ላይ ሐይቁ እንዲታተምልን ሰጥተን ነበር፤ ማተሚያ ቤቱ ዛሬ ነገ ሲለን ሰነበተና ባዶውን ተቀበልነው። ተስፋዬ ካሜራ በአንገቱ፣ ከበሮ በጭኑ አድርጓል። ሹፌራችን ጋሽ አራጋው ሐረጎን በጉም ውስጥ እየወጣ በመስታወት ያየናል።

«እንግዲህ ማንን ልናደርስ ነው?»

«ማንንም፣ ጋሼ። ራሳችንን ነው።»

«አበስኩ ገበርኩ!» አለና ማርሽ ቀየረ።

ደሴ ገብተን ዘይነብንና ሌሎቹን ጫንን። ከከተማው መውጫ ላይ ፖሊስ አስቆመን። ወጣት ተሰብስቦ መሄድ የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር።

«የምን ስብሰባ ናችሁ?»

«ሽርሽር ነን» አልኩ።

«ማነው ያዘጋጀው? የማን ማኅበር ናችሁ?»

አፌን ስከፍት ጋሽ አራጋው ቀደመኝ። «ልጅ ነው፣ አትስማው። ለቅሶ ነን።»

ፖሊሱ ጥቁር ቲሸርታችንን አንድ በአንድ አየ። ባርኔጣውን አነሳ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ገመዱን ለቀቀልን።

መታጠፊያውን እንዳለፍን መኪናው በሳቅ ፈነዳ። ተስፋዬ ከበሮውን እየመታ በሌለ ሬሳ ላይ ሙሾ አወረደ። ዘይነብ ብቻ «በዚህ አይቀለድም፣ ተው» አለች። እሷም ግን እየሳቀች ነበር።

ቦሩ ሜዳን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ሐይቁ በቀኝ በኩል ከታች ድንገት ብልጭ አለ። ሁላችንም ጮህን። እኔ ግን ፎቶው የተነሳበት ኮረብታ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ እንደሆነ ለይቼዋለሁና ጋሽ አራጋውን በጭቃው አስገነጠልኩት። አናቱ ላይ ስንደርስ ከአንድ ሣር ቤት ፊት ሸራ ተወጥሮ ሰው ተሰብስቧል።

«ሰርግ!» አለ ተስፋዬ። «ወላሂ ሰርግ ነው! ቫኬሽን ማለት ይሄ ነው!»

«እህል ሳይገባ የምን ሰርግ አለ?» አለ ጋሽ አራጋው። ማን ይስማው። እየሳቅን ተንጋግተን ወረድን። ተስፋዬ ከበሮውን ብብቱ ስር አድርጎ «ሆ» ሊል አፉን ከፍቷል።

ሸራው ስር የተቀመጡት ሰዎች በአንድ ላይ ብድግ አሉ።

አንዳቸውም አልሳቁም። ራሳቸው ላይ ጋቢ ጣል ያደረጉ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኛ መጡ፤ በኋላ ሸህ እንድሪስ እንደሚባሉ ሰማሁ። «መርሀባ ልጆቼ። ግቡ፣ ግቡ። አላህ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ» አሉን። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ለቀቀልን። ተስፋዬ ከበሮውን ወደ መኪናው መልሶ በእግሩ ከወንበሩ ስር ሲገፋው ሰማሁ። ከሣር ቤቱ ውስጥ የሴት ድምፅ ወጣ።

«የሰይድ ጓደኞች መጡ! የልጄ ጓደኞች መጡ!»

ዙሪያውን ለቅሶው ተቀሰቀሰ።

ተቀመጡ ያሉን ቦታ ተቀመጥን። ንፍሮ ቀረበልን። ከጎናችን ካሉት ሰዎች ሹክሹክታ ነገሩን ለቃቀምኩ። እመት ሀዋ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ናት። ልጇ ሰይድ ሥራ ፍለጋ በባቲ፣ በአፋር አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ሲሻገር ጀልባው ሰጠመ። ሬሳ የለም፤ የመጣው መርዶ ብቻ ነው።

የያዝኩትን ንፍሮ መለስኩ። ወደ ሸህ እንድሪስ ተጠጋሁና በጆሯቸው «አባቴ፣ እኛ ልጁን አናውቀውም። መንገደኞች ነን፤ ሰርግ መስሎን ነው» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀህ?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። «ለቅሶ ደጅ የወረደን ሰው የማን ነህ፣ ከየት ነህ አይሉትም፤ ነውር ነው። ምን እንዳመጣችሁ አላህ ያውቃል። እኛ የምናውቀው መምጣታችሁን ነው። ብላ።»

ወዲያው እመት ሀዋ ራሷ ወጣች። ቀጭን፣ ዓይኗ የደረቀ ሴት ናት። መሐላችን ቁጭ ብላ ፊታችንን አንድ በአንድ አየች። ዘይነብ ናት የደፈረችው።

«እማ፣ አላህ ሶብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥዎ። እኛ ሰይድን አናውቀውም ነበር። ሐይቁን ልናይ ስንወርድ ነው ያገኘናችሁ። ይቅር ይበሉን።»

እመት ሀዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አውቃለሁ፣ የኔ ሆድ። ስትወርዱ ስትስቁ ሰምቻችኋለሁ። ለለቅሶ የመጣ እየሳቀ አይወርድም።»

«ታዲያ ለምን ጓደኞቹ መጡ አሉ?»

«ጎረቤት ይስማ ብዬ። ሰው አልባ ሆኖ ሞተ እንዳይሉብኝ።»

ተስፋዬ ካሜራውን ከአንገቱ አውልቆ ቂጡ ስር ደበቀ። እሷ ግን ወደ ታች፣ ወደ ሐይቁ እያየች ነበር። ከዚያ ኮረብታ ላይ ሐይቁ ፎቶው ላይ እንዳየነው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል።

«ይቺን ነው ልታዩ የመጣችሁ?» አለች። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያት ነው የኖርኩ። ልጄ የወደቀበት ባሕርም እንዲህ ነው? ምን ይመስላል?»

ተስፋዬ ሳያስበው ወደ እኔ ጠቆመ። «ይመር ገጣሚ ነው፣ እማ። ስለ ባሕር ይጽፋል።»

ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። ያ ሁሉ ስንኝ፣ ያ ሁሉ ማዕበል በራሴ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልሆነልኝም።

«አላየሁትም፣ እማ» አልኩ።

«ሳታየው ነው የምትጽፈው?»

አልወቀሰችኝም። ገርሟት ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ዘይነብ እጇን ያዘቻት። «የአባቴ አያት በዚያው ባሕር ነው የመጡት፣ እማ። ከዚህችኛዋ ይሰፋል፣ ውሃውም ጨው ነው ይሉ ነበር አሉ። ዳር ግን አለው። ወዲያ ማዶም ሰው አለ፣ አዛንም አለ፣ የሞተውን አንስቶ የሚቀብር እጅም አለ ይሉ ነበር።»

እመት ሀዋ «ዳር አለው» ብላ ደገመችው። ከዚያ ራሷን ዘይነብ ጭን ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ ድምፅ የሌለው ለቅሶ አለቀሰች። ትንፋሿ ረገበ። ተኛች።

ሸህ እንድሪስ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «መርዶው ከመጣ ወዲህ ዓይኗን አልከደነችም። እንዳትቀሰቅሷት።»

እንግዲህ የኔ ጭንቅ የጀመረው ያኔ ነው። ፀሐይዋ ከአናታችን ወደ ምዕራብ አዘነበለች። የሸራው ጥላ ረዘመ። ከብቶች ከውሃ ተመለሱ። ጋሽ አራጋው መኪናው አጠገብ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ ይመታልኛል። ወደ ዘይነብ ተንፏቅቄ ሄድኩ።

«ፀሐይዋን እያየሻት ነው?»

«እያየኋት ነው።»

«ቀስ አድርገን ትራስ ብናስገባላት…»

«ትነቃለች።»

«ዘይነብ፣ አርባ ምንጭ!»

«አውቃለሁ፣ ይመር» አለች። «ምን ብዬ ልንገርህ? ከጭኔ ላይ አውርጄ ጥያት ብሄድ፣ አርባ ምንጭ ገብቼ ምን ልማር ነው?»

ቁጭ አልኩ። እኔ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያሳክከኝ ሰው፣ የአንዲት ሴት እንቅልፍ እስኪያልቅ እግሬን አጥፌ ተቀመጥኩ። ውስጤ ግን ይራወጥ ነበር፤ ሐይቁ ከታች ቀለሙን ሲለዋውጥ እያየሁ በሐሳቤ ደሴና ኮረብታው መሐል ስንት ጊዜ ሮጬ ተመለስኩ።

እመት ሀዋ ስትነቃ ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ አንድ ክንድ ቀርቷታል። የዘይነብን ጭን በእጇ ዳሰሰች። «አደነዘዝኩሽ፣ የኔ ልጅ። ሐሙስ የልጄ ሰደቃ ነው። ትመጫለሽ?»

«ኢንሻ አላህ» አለች ዘይነብ።

ሐይቁ ዳር ሳንደርስ ተመለስን። ጋሽ አራጋው መኪናውን አበረረው። ቦሩ ሜዳ ስንደርስ የመግሪብ አዛን ከመስጊዱ ተሰማ። ሁላችንም ወደ ዘይነብ ዞርን።

«ያቁሙልኝ፣ ጋሼ» አለች። «እንግዲህ አልፏል። ልስገድ።»

ከአንዲት ባለሱቅ ውሃ ተቀብላ ውዱ አድርጋ ሰገደች። እኛ መኪናው ውስጥ ሆነን ጠበቅናት። ስትመለስ ተስፋዬ «መኪናው ተበላሸ እንበል» አለ።

«የኔ መኪና?» አለ ጋሽ አራጋው።

«አይሆንም» አለች ዘይነብ። «እንደሆነው እነግራቸዋለሁ። ከነከበሮው።»

ሀጂ ሙክታር ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። ነገረቻቸው፤ ሳቁንም፣ የፖሊሱንም ነገር፣ ሰርግ መስሎን መውረዳችንንም። እሳቸው መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ሰሙ።

«የልጁ አባት ስም ማነው?»

ተያየን። አንዳችንም አላወቅንም።

«የአባቱን ስም ለማታውቁት ሰው አለቀሳችሁ?»

«እናቱን አወቅናት፣ አባ» አለች።

መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በመጨረሻ «ግቢ» አሏት። ለእኔ «አማናውን በሰዓቱ አላደረስክም፣ ይመር» ብለው በሩን ዘጉ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ኮምቦልቻ ውስጥ እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቀኝ። አውሮፕላን ሲያርፍ በር ላይ አልወጣሁም። የባሕር ግጥሞቼን ለማንበብ ስከፍት ያቺ ሴት «ሳታየው ነው የምትጽፈው?» ትለኛለች። የዘይነብን መንገድ እኔ እንደዘጋሁባት እርግጠኛ ነበርኩ።

ረቡዕ ከሰዓት የኮፒ ቤቱ ስልክ ጮኸ። ሀጂ ሙክታር ናቸው።

«ነገ አይደለም ሰደቃው? መንገዱን የሚያሳየኝ ሰው የለኝም።»

«ዘይነብ አለች እኮ፣ ሀጂ።»

«እሷ ሴቶቹ ጋ ናት የምትቀመጠው። አንተ ከኔ ጋ ትቀመጣለህ። የሰው ንፍሮ በልቶ መቅረት የት ተማርክ?»

ሩዝና ስኳር ጭነን በእሳቸው መኪና ሄድን። ሀጂ ሙክታር ሸራው ስር ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ፤ የሰይድን አባት ስም ከሸህ እንድሪስ ጠይቀው ያዙ። እመት ሀዋ ዘይነብን አቅፋ አለቅም አለች። ከሰደቃው በኋላ ሀጂ ኮረብታው ጫፍ ላይ ወጥተው ቆሙ።

«ይሄን ለማየት ነበር?»

«አዎ፣ ሀጂ።»

«ለሸቀጥ ስንት ዓመት በዚህ አለፍኩ። አንድ ቀን እንኳ አንገቴን አላዞርኩም» አሉ። ከዚያ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ከዚህ አይቶ መመለስማ ምን ይሉታል? ግቡ።»

ሐይቁ ዳር ጫማቸውን አወለቁ፤ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና ውዱ አደረጉ። ከጎናቸው ሆኜ በክፉ ዓመሌ «ሀጂ፣ ማን ውሃ ይሰጣችኋል ብለውን ነበር» አልኩ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አርባ ምንጭ ሁለት ሐይቅ አለ ይላሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ አባ።»

ውሃውን በእግራቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። «እዚያ ማንም አልነበረንም» አሉ። «እንግዲህ ሰው ሊኖረን ነው። መጥቼ እጠይቅሻለሁ።»

ዘይነብ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ዞሬያለሁ፤ እግሬ ዛሬም አርፎ አይቀመጥም። አሁን ወጣቶች ጉዞ ሲያሰናዱ እሰማለሁ። መኪናው፣ ልብሱ፣ ፎቶው፣ የሚበላው ሁሉ ቀድሞ ይታሰባል። አልስቅባቸውም፤ ያ ጉጉት የራሴ ነው፤ ያለ እሱ ያንን ኮረብታ አልወጣም ነበር። የአባቶቻችንንም ጥያቄ ግን አሁን አልንቀውም። «ማን አላችሁ?» ሲሉን አትሂዱ የሚሉን ይመስለን ነበር። እኔ ዛሬ የምሰማው ሌላ ነው፤ ስትመለሱ ማን ይኖራችኋል ነው የሚሉን። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። አንተው ፍረድ።

ስለ ባሕር ከዚያ በኋላ አንድ ስንኝ አልጻፍኩም። እመት ሀዋን በየዓመቱ እጠይቃታለሁ፤ አርጅታለች፣ ጥያቄዋን ግን አልረሳችም። ባለፈው ስሄድ «እስካሁን አላየኸውም?» አለችኝ። ዘንድሮ ቆርጫለሁ፤ ባሕር እሄዳለሁ። እዚያ ማንም የለኝም። ምን እንደሚመስል የምነግራት ሰው ግን እዚህ፣ ኮረብታው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች።